መጤው አገር የሚይዘው እንዴት ነው?

ከጫጫ ደጋ እስከ አፋር ሜዳ፦ ወራሪ ዝርያዎች የሚገቡበት፣ ሥር የሚሰዱበትና የሚስፋፉበት መንገድ

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከጫጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባቄላ ማሳ ውስጥ የገባ ሰው፣ ሰብሉን ከላይ ብቻ አይቶ ቢመለስ ምንም የጎደለ አይመስለውም። ባቄላው ቆሟል፣ አበባ ይዟል፣ መረሬው አፈር ውሃ ጠግቧል። ቅጠሉን ገልብጦ ሲያየው ነው ነገሩ የሚለየው። ጀርባው ላይ ትንንሽ አረንጓዴ እብጠቶች ተነስተዋል፤ ከላይ በኩል በዚያው ቦታ ላይ ቅጠሉ ጎድጎድ ብሏል። ጥቂት ሰንብቶ እብጠቱ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ቅጠሉ ይጨማደዳል፣ ተክሉ ይቀነጭራል። ገበሬው ይህን በሽታ ቆልምም ይለዋል።

ቆልምም ኢትዮጵያ ውስጥ መታወቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ሲሆን፣ ቀድመው ካዩት አካባቢዎች አንዱ ይኸው የሰሜን ሸዋ ደጋ ነው። ከዚያ በፊት ስለ በሽታው የተጻፈው በጃፓንና በቻይና ነበር። መንስኤው በዓይን የማይታይ፣ ከፈንገስ ወገን የሚቆጠር ረቂቅ ተሕዋስ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ትግራይና ወደ ኦሮሚያ ደጋዎች ተሻግሯል። በበረታበት ማሳ ደግሞ ምርቱን እስከነአካቴው ያጠፋል። ባቄላ ለጫጫ ገበሬ እሸቱ፣ ቆሎውና ሽሮው ነው፤ የገብሱን መሬት ተራ እየለወጠ የሚያለማለትም እርሱ ነው። ስለዚህ ባቄላ ሲታመም የሚከስረው አንድ ሰብል ብቻ አይደለም።

ስለ ወራሪ ዝርያ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ በቀጥታ ጣና ላይ ወዳለው እምቦጭ ይሄዳል። እምቦጭ ግን የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ሁሉም ያየዋል፣ ዘመቻ ይታወጅበታል፣ ጀልባና ማሽን ይሰማራበታል። ከዚያ በፊት ያሉት ምዕራፎች ጸጥ ያሉ ናቸው። እንግዳው ይገባል፣ አየሩ ይስማማዋል ወይም አይስማማውም፣ ባዶ ቦታ ያገኛል ወይም ያጣል፣ ራሱን ይተካል፣ ከዚያ ይስፋፋል። ከእነዚህ ደረጃዎች በአብዛኞቹ የሰው እጅ አለበት። ከጫጫ ተነስቶ ቁልቁል ወደ አዋሽ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ደረጃዎቹን ሁሉ ያያቸዋል።

ውርጭ የሚያግደውና የማያግደው

ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብረ ብርሃን ሊደርሱ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር ያልፋል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጩ ማሳውን ነጭ አድርጎ ያነጋል። መረሬው በክረምት ውሃ ያቁራል፣ በበጋ ይሰነጣጠቃል። እዚህ አገር የሚኖር ተክል ብርዱንም፣ ረግረጉንም፣ ድርቀቱንም መቻል አለበት።

የሥነ ምኅዳር ባለሙያዎች የአየር ንብረትን ሚና ከወንፊት ጋር ያመሳስሉታል። ዘር ከየትም ይምጣ፣ መጀመሪያ በዚህ ማለፍ አለበት። አገሪቱን በጣም ያስቸገሩት ሦስቱ ወራሪ ዕፅዋት፣ እምቦጭ፣ ፕሮሶፒስና ሳይንሱ ፓርቴኒየም የሚለው ቅንጨ አረም፣ ሁሉም ከሞቃት የአሜሪካ አህጉር ክፍሎች የመጡ ናቸው፤ ውርጭ አይችሉም። ጫጫ ከእነርሱ የተረፈችው በብርዷ ነው። ሆኖም ወንፊት ሁሉንም አያስቀርም። ለቀዝቃዛና እርጥብ ደጋ የተፈጠረው ቆልምም፣ ሌሎቹን ያገደው ብርድ ለእርሱ ተስማምቶታል። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት የባቄላ ማሳ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይመቸዋል። አንድ አካባቢ «ወራሪ አይነካውም» ማለት ስለማይቻል፣ መጠየቅ ያለበት የትኛው ወራሪ እንደሚስማማው ነው።

በጫጫ ዙሪያ በዓይን የሚገባው ትልቁ እንግዳ ባሕር ዛፍ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1844 የተወለዱት እዚሁ አንጎለላ ሲሆን፣ ዛፉ ኢትዮጵያ የገባውም በእርሳቸው ዘመነ መንግሥት፣ በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ጨርሳ፣ ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሳት ደርሶ ነበር። በጥቂት ዓመታት የሚደርሰው፣ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጠው ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ደጋውን የወረሰው ነጭ ባሕር ዛፍ ዛሬ ለጫጫ ገበሬ አጣና፣ ማገር፣ ማገዶና ለክፉ ቀን የሚሸጥ ሀብት ነው።

የባሕር ዛፍ ጥፋት አይካድም። ውሃ ይሻማል፣ ከሥሩ ሣር እምብዛም አያበቅልም፣ ጎኑ ያለውን ገብስ ያቀጭጫል። ነገር ግን በጥብቅ ትርጉሙ ደጋችን ላይ ወራሪ ለማለት ይከብዳል። ዘሩ ደቃቅና ክንፍ አልባ በመሆኑ ከእናቱ ዛፍ ብዙም አይርቅም፤ ለመብቀል የተራቆተና እርጥብ አፈር፣ በቂ ብርሃንም ይፈልጋል፤ ለጋው ችግኝ ደግሞ በሣር ይታፈናል፣ በውርጭ ይመታል። ያስፋፋው ችግኝ ጣቢያና የገበሬው ዶማ ነው። ትልቁ፣ ሁሉም የሚያየውና የሚያማው መጤ በሰው ትከሻ ላይ ሲኖር፣ ማንም ያልጠራው ረቂቅ ተሕዋስ በራሱ አገር ይይዛል። መጤነት ብቻውን ጥፋት ቢሆን ኖሮ፣ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጣው ገብስም አብሮ በተከሰሰ ነበር።

እዚህ ላይ የሚጠቅም አንድ ግምታዊ ስሌት አለ። እንግሊዛዊው ማርክ ዊልያምሰን በ1990ዎቹ እንዳሰፈረው፣ ወደ አንድ አገር ከሚገቡ ዝርያዎች አንድ አሥረኛ ያህሉ ከጥበቃ ያመልጣሉ፤ ካመለጡት አንድ አሥረኛው ራሱን ችሎ ይኖራል፤ ከእነዚህም አንድ አሥረኛው ችግር ይሆናል። ስሌቱ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው በእጅጉ ይዛነፋል፤ ዋና ትምህርቱ ግን ጸንቷል። አብዛኛው እንግዳ ይከሽፋል፤ የተሳካለት ጥቂቱ የሁሉንም ዋጋ ያስከፍላል።

በደጋው ዓይን ሊጣልበት የሚገባው ዛፍ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ዲከረንስ ይመስለኛል። ይህ የአውስትራሊያ ግራር በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ሆኗል። ገበሬው ይተክለዋል፣ ከሰል አክስሎ ይሸጠዋል፣ መሬቱም ያገግማል። በሰሜን ሸዋ ደጋም ተተክሏል። ብርድ ይችላል፣ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ራሱን ይመግባል፣ ጠንካራ ልባስ ያለው ዘሩ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የቅርብ ዘመዱ ጥቁር ዋትል ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለቆዳ ማልፊያ ቅርፊቱ ተብሎ ተተክሎ ወንዝ ዳሩን ወርሶታል፤ መንግሥት እርሱንና መሰሎቹን ለማስነቀል እ.ኤ.አ. በ1995 በአገር አቀፍ ደረጃ ሠራተኛ እስከ መቅጠር ደርሷል። ዲከረንስን መትከል ስህተት ነው ማለት አይደለም። ከተተከለበት ማሳ ውጭ፣ በወንዝ ዳርና በተቆፈረ መሬት ላይ ራሱን መተካት መጀመር አለመጀመሩን ማየት ግን ግድ ነው።

ጣርማበርን ወርዶ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሆነው ጣርማበር ይወጣና፣ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የቆፈሩትን ዋሻ አልፎ ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ካፖርት ይወልቃል፤ ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ይጀምራል። ቅንጨ አረምም ይጀምራል።

ተክሉ ላላወቀው ሰው ጉዳት የሌለው ይመስላል። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ አበባው ነጭና ደቃቅ፣ ቁመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰው ወገብ ብዙም የማያልፍ ነው። ኃይሉ በፍጥነቱ ላይ ነው። በቅሎ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ያብባል፤ አንዱ ግንድ ከ15,000 በላይ ዘር ሊያረግፍ ይችላል። ቅጠሉና ሥሩ የሚያወጡት መርዛማ ንጥረ ነገር ጎረቤቱን እንዳይበቅል ያደርጋል። ሰው ሲነካካው ቆዳው ያሳክከዋል፣ አለርጂ ይቀሰቀስበታል፤ ላም ስትበላው ወተቷ ይመራል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ የመስክ ጥናት፣ ሙሉ ወቅቱን ሳይታረም የቀረ ማሽላ እስከ 97 በመቶ ምርቱን አጥቷል።

አገራችን ውስጥ ተክሉ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980፣ በድሬዳዋና በሐረማያ አካባቢ ነው። የሱማሌ ጦርነት ተሽከርካሪዎችና የእርዳታ እህል ይዘውት እንደገቡ ይገመታል፤ ወሎ ውስጥም በመጀመሪያ ጎልቶ የታየው እርዳታ ይከፋፈልባቸው በነበሩ ቦታዎች ዙሪያ ነበር። ጦርነቱም ረሃቡም ሁለት ነገር አንድ ላይ አደረጉ፤ ዘሩን ከሩቅ አመጡ፣ መሬቱንም አራቆቱ። ለወራሪ ዝርያ ከዚህ የተሻለ አቀባበል የለም። ዘሩ አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣ ሊከሽፍ ይችላል፤ በየጭነቱ፣ በየጎማው ጭቃ፣ በየከረጢቱ ስፌት ደጋግሞ ሲመጣ ግን ከሙከራዎቹ አንዱ ይሳካል።

ከብትም ያግዘዋል። በሬውና በጉ ቅንጨ አረምን እያለፉ ሣሩን ብቻ ይግጣሉ። ግጦሹ በበዛ ቁጥር ሣሩ ይሳሳል፣ አረሙም ሳይነካ ይቀራል። የተራቆተው መሬት ለአረሙ ተጨማሪ ቦታ ይሆናል፤ ለከብቱ የሚተርፈው ሣር ያንሳል፤ ያለችውም ሣር ይበልጥ ትጋጣለች። አገር በቀሉ ሣር የሚሸነፈው ብቻ ለብቻ በተደረገ ፉክክር ሳይሆን፣ በላተኛው ሁሉ በእርሱ ላይ ሲዘምት ነው። እንግዳው በትውልድ አገሩ የሚበሉትን ነፍሳትና የሚያጠቁትን በሽታዎች ትቷቸው መምጣቱ ደግሞ ተጨማሪ ነጻነት ሰጥቶታል።

በበጎ ሐሳብ የተተከለው

ከሸዋ ሮቢት በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ሲገባ የታሪኩ ሦስተኛ ክፍል ይመጣል። ፕሮሶፒስ በስውር የገባ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች ነፋስ እንዲከላከል፣ በረሃማነትን እንዲገታ፣ ጥላና ማገዶ እንዲሆን ተብሎ በሰው እጅ ተተክሏል። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተባለለትን ሁሉ አደረገ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ዛፉ ቁጥሩን በጸጥታ ሲያበዛ ማንም አላስተዋለውም። የተስፋፋበት ፍጥነት ሲገለጥ ረፍዶ ነበር፤ በ2010ዎቹ በሳተላይት ምስል የተደገፈ ጥናት በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደያዘ አሳይቷል።

ዘሩን የሚያዘምቱለት የአርብቶ አደሩ የራሱ ከብቶች ናቸው። ፍሬው ጣፋጭ ነው፤ ፍየሉ፣ ላሟና ግመሉ ይበሉታል። ጠንካራው ዘር በሆዳቸው ውስጥ ሲያልፍ ልባሱ ይላላል፣ ከእበትና ከበጠጥ ጋር በማዳበሪያ ተከቦ ይወድቃል። ሥሩ ሣር ከሚደርስበት በጣም ጠልቆ ውሃ ይስባል። ገበሬው ከአፈር በላይ ቢቆርጠው፣ ከአፈር በታች ካለው ግንድ ብዙ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይመለሳል። የሜዳ አህያ የሚሰማራበት የአላይደጌ ሣር ሜዳም በእርሱ ስጋት ላይ ወድቋል። ከሰል አክስሎ መጨረስ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ ተሞክሯል፤ ነገር ግን ጉቶው ከሥሩ ካልተነቀለ በስተቀር ማክሰል ማለት ዛፉን መግረዝ ነው። ከዚህም በላይ፣ ከችግሩ ገቢ የሚያገኝ ሰው ሲበዛ ችግሩ እንዲያልቅ የሚፈልገው ሰው ያንሳል።

ባዶ ቦታ

እንግሊዛዊው ቻርልስ ኤልተን እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ወረራ በጻፈው መጽሐፍ፣ ብዙ ዝርያ አብሮ የሚኖርበት ኅብረት ለእንግዳ ትርፍ ቦታ አይተውም የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ቆየት ብሎ የመጡ ተመራማሪዎች ይህን አጥብበውታል። በሰፊው ሲታይ ለአገር በቀሉ የሚመች አገር ለመጤውም ስለሚመች፣ ዝርያ የበዛበት አካባቢ ብዙ መጤ ሊኖረው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ዴቪስ፣ ግራይምና ቶምፕሰን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ደግሞ ጉዳዩን ወደ ትርፍ ሀብት አመጡት። ወረራ የሚሳካው ብርሃን፣ ውሃ ወይም የአፈር ምግብ ነዋሪዎቹ ሳይጠቀሙበት ሲተርፍና ዘሩ በዚያው ሰዓት ሲደርስ ነው። መሬት ሲቆፈር፣ ሲቃጠል፣ ሲጋጥ ወይም ጎርፍ ሲያጥበው ይህ ትርፍ ይፈጠራል።

ለዚህ በሰሜን ሸዋ ጥሩ ማሳያ አለ። የመንዝ ጓሳ ሜዳ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጀመረው፣ ቄሮ በሚባለው የአካባቢው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት፣ ለዓመታት ተዘግቶ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈት ነበር። ጓሳ የሚባለው ሣር ተያይዞ መሬቱን ሸፍኖ በቆመበት፣ ከሩቅ የመጣ ዘር ቢወድቅም ብርሃንም ባዶ አፈርም አያገኝም። በአንጻሩ አስፋልት ዳር ያለው የተገለጠ ገመገም፣ የጠጠር ማውጫው ጉድጓድ፣ የገበያው ዙሪያና የከብት መዋያው ሁሉ ባዶ ቦታ ነው። ስለዚህ ወራሪ አረም በየአገሩ መጀመሪያ የሚታየው መንገድ ዳር ነው።

ጨጎጊትን ለአብነት እንውሰድ። ልብስ ላይ የሚጣበቀው ይህ አረም በሳይንሱ የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው። አደይ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ናት፤ ጨጎጊት ግን ከአሜሪካ የመጣ ነው። ቀጭንና ጥቁር ዘሩ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጫፉ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ሹል ጥርሶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ወደኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች ተደርድረዋል። ቀሚስ ላይ፣ ጋቢ ላይ፣ የበግ ጸጉር ላይ አንዴ ከተሰካ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይወጣም። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ያነሳው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። በአዲሱ አገር ዘመድ ያለው እንግዳ አየሩ ይስማማዋል፤ ነገር ግን የዘመዱ በላተኞችና በሽታዎች እርሱንም ያገኙታል። ጨጎጊት እስካሁን መንገድና ጓሮ ዳር የሚያስቸግር አረም ሆኖ ኖሯል። ፓርቴኒየም ግን በደረሰበት ቦታ የሚያቆመው አላገኘም።

ማን ቀድሞ ያያል

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ዓለም አቀፍ የብዝኃ ሕይወት ግምገማ በሰው እንቅስቃሴ የተዛወሩ ከ37,000 በላይ መጤ ዝርያዎች በዓለም ዙሪያ እንዳሉ፣ ከእነዚህም ከ3,500 በላይ የሚሆኑት ጎጂ እንደሆኑ ዘርዝሯል። በ2019 ብቻ ያስከተሉት ኪሳራ ከ423 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። ይህ ቁጥር ለጫጫ ገበሬ ሩቅ ነው። ቅርብ የሚሆነው መከላከል ከማጽዳት ምን ያህል እንደሚረክስ ሲሰላ ነው።

ዘግይቶ የሚደረገው ሥራ ከባድ ነው፤ ውጤቱም አዝጋሚ ነው። ቅንጨ አረምን በተፈጥሮ ጠላቱ ለማዳከም፣ ቅጠሉን የሚበላ ጥንዚዛና ግንዱን የሚቦረቡር ነቀዝ ከውጭ መጥተው በአምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል በኳራንቲን ተመርምረዋል። ሰብልና አገር በቀል ተክል እንደማይነኩ ከተረጋገጠ በኋላ በአንዳንድ ቦታዎች ተለቀዋል። ይህ ዘዴ በአውስትራሊያና በሕንድ ጥቅም አሳይቷል፤ አረሙን ያዳክመዋል እንጂ አይነቅለውም። ቆልምምም ከገባበት ማሳ የሚወጣ አይመስልም። ከእርሱ ጋር መኖር ማለት ንጹሕ ዘር መጠቀም፣ ሰብል ማፈራረቅ፣ የታመመውን ገለባ ማሳ ላይ አለመተው፣ ውሃውን ማንጣፈፍ፣ አስፈላጊም ሲሆን ፀረ ፈንገስ መርጨት ነው። የባቄላ ገለባ ለከብት መኖ ከቀበሌ ቀበሌ ሲሸጥ፣ በሽታውም አብሮ ሊጓዝ ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት ለጫጫ ገና ያልረፈደባቸው ጉዳዮች አሉ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ፣ ከቆላው መኖና አሸዋ የጫነው መኪና ሁሉ በዚህች ከተማ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። የመንገድ ሥራ በተነሳ ቁጥር አዲስ የተገለጠ አፈር ይፈጠራል። የአየር ንብረቱም እየሞቀ ነው፤ ውርጭ የሚመታበት ሌሊት በቀነሰ መጠን የቆላው አረም ሊወጣበት የሚችለው ከፍታ ይጨምራል። ቅንጨ አረም ወደ ደጋው ሽቅብ ከመጣ፣ የሚመጣው በዚሁ አስፋልት ዳር ይሆናል።

መንገድ ዳር የበቀለ አሥር ግንድ ቅንጨ አረም፣ ሳያብብ በጓንት ቢነቀል የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። አብቦ ዘሩን ካረገፈ በኋላ አፈሩ ውስጥ የተቀበረው ዘር ለተከታታይ ዓመታት ይበቅላል፤ በየክረምቱ መመለስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከማሽንና ከመርጫ በፊት የሚያስፈልገው አዲስ ተክል ሲያይ ዝም የማይል ዓይን ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ፣ ማሳው ዳር ያልለመደውን ቅጠል ያየችው ገበሬ፣ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ፣ መንገዱን የሚጠግነው ሠራተኛ የዚህ ዓይን ባለቤቶች ናቸው። ለእነርሱ የአረሙን መልክ የሚያሳይ ሥዕልና የት እንደሚያመለክቱ የሚነግር አንድ ስልክ ቁጥር መስጠት የወረዳው ሥራ ነው፤ ናሙናውን ተቀብሎ የሚለይ ባለሙያ በቅርብ፣ በደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ወጪው እምቦጭን ለመንቀል በአንድ ክረምት ከሚፈሰው ገንዘብና ጉልበት ጋር አይወዳደርም።